ጡት መጣል

በቤሌም ከተማ ቀጠሮ በሰዓት አይያዝም፤
«ከዝናቡ በፊት» ወይ «ከዝናቡ ኋላ» ነው፣ ሌላ አያሻም።
እህቴ ጁሲማራ ከዝናቡ በፊት ገባች፤
ዝናቡ ሲያባራ ሌላ ደረት ይዛ ወጣች።

ገንዘቡን ያበደርኳት እኔ ነኝ።
አስቀድሜ ልናገረው፣ ኋላ እንዳያንቀኝ።
ዓሣ ሻጭ ነኝ፣ ከወንዙ ዳር፣ ከብረት ጣሪያው ገበያ፤
ቅርፊት የተለጠፈበት ብር ቆጥሬ ሰጠኋት፣ ለሐኪሙ ክፍያ።

«እዪኝማ ዳርሲሌኒ፣ አሁን ገና ሸሚዝ ሞላሁ!»
ያምርባት ነበር። አልዋሽም። እኔም ቀናሁ።

በአራተኛው ዓመት የጸጉር ሠሪዋ ጸጉር
በገዛ ማበጠሪያዋ ይቀር ጀመር።
ጣቶቿ ማለዳ ማለዳ መቀስ እንቢ አሉ፤
የቀለም ቁጥሮች፣ የደንበኞች ስሞች ከምላሷ ጫፍ ኮበለሉ።
አንድ ማታ ከገዛ ደጃፏ ደወለችልኝ፣
«ከአራቱ ቁልፍ የቱ ነው የኔ?» አለችኝ።

ደም ሰጠች። ሽንት ሰጠች። ራጅ ተነሣች።
«ጤነኛ» የሚል ወረቀት ይዛ እያነከሰች መጣች።
አንዱ «ጭንቀት ነው» አለ። አንዱ «ዕድሜ ነው» አለ፣ በሠላሳ አምስት!
አንዱ ቀና ብሎ ሳያያት ጻፈላት የእንቅልፍ መድኃኒት።

በመጨረሻ ዶክተር ኢዛልቲና ብዕሯን አስቀምጣ ሰማቻት፤
«ከሱ ነው ብዬ አልምልም፣ ከሱ አይደለም ብዬም አልምልም» አለቻት።
እህቴ አለቀሰች።
እስከዚያች ቀን ያን ያህል እውነት የነገራት አልነበረም።

የእናቱን ጡት የነከሰ ስም አለው፣ ከሃዲ ይባላል፤
ባለቤቱን የነከሰ ጡትስ ምን ተብሎ ይሰደባል?
በየትኛው ሸንጎ ይቆማል? ያ ደጅ ያልጠና እንግዳ፣
ከፍላ ያስገባችው፣ ከፍላ የምታስወጣው፣ የደረት ላይ ዕዳ።

ባሏ ኦዚማር «ከዚያ ወዲያ ማን ያይሻል?» አለ።
«እኔ» አለችው።

ደግሞ ከዝናቡ በፊት ገባች።
እኔ በኮሪደሩ ወንበር ላይ፣ ሎሚ የማይለቀውን
የእጄን የዓሣ ሽታ እያሸተትኩ፣
ጣሪያው ላይ ውሃው ሲወርድ፣ ሲቆም፣ ቆጠርኩ።
ሁለቱን በፕላስቲክ ዕቃ ሰጡን፣ ክዳኑ ላይ ስሟ ተጽፎ፤
አንዱ ጥርት ያለ እንደ ትኩስ ዓሣ ዓይን፣
አንዱ ቢጫ፣ ጠርዙ ተጣጥፎ።

ሕፃን ጡት የሚጥለው እሬት ተቀብቶለት ነው፤
የእህቴን እሬት አምስት ዓመት ማን እንደቀባው
አላውቅም። ብቻ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ
ጡት ጣለች፣ ከነምሬቷ።

በሦስተኛው ሳምንት ገበያ መጣች፣ ቀስ እያለች፣
ዕቃውን ከዘንቢሏ አውጥታ «ሚዛኑን ጥረጊው» አለች።
ከታምባኪው ጎን አስቀመጥናቸው። መርፌው ዋዠቀ፣ ቆመ፤
ስድስት መቶ ሃያ ግራም። ጎረቤቴ በርበሬ ሻጩ አየ፤ ዝም አለ።
«ይህችን ታህል?» አለች። «ይህችን ታህል ነው የተሸከምኩት?»
ከዚያ፦ «ኪሎው ስንት ነው ዛሬ? ባዶ እጄን አልመለስም በዕለተ ቅዳሜ።»
ሳቅን። ስፌቷን በሁለት መዳፍ ይዛ «አታስቂኝ» ትላለች፣
አሳቂዋ ግን እሷ ነች።

ጸጉሯ ተመልሷል፣ እንደ ጫጩት ላባ።
የቀኝ አውራ ጣቷ ግን ዛሬም ማለዳ አይታጠፍም፣
ከዚያ ይሁን ከሌላ፣ የሚነግረን የለም።

ትናንት የዚያን የጥንቱን ብድር የመጨረሻ ክፍያ አመጣች።
አልቀበልም አልኳት። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ሸራ እየሳብኩ ነው።
ብሩን ሚዛኑ ላይ ወርውራው ሄደች፣
ዝናቡ ሳይደርስባት መንገዱን በሩጫ ተሻገረች።
ወደ መርፌው አየሁ።
አልነቃነቀም።